አፍንጫ ወይስ ሆድ

ያን ቀን ገመዱን ያያያዝኩት እኔ ነኝ። ከሁሉ በፊት ይህን ልንገራችሁ፤ ጥፋተኛውን ስትፈልጉ እንዳትደክሙ።

ሃልቮር እባላለሁ። ሰባ አንድ ዓመቴ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የእህል ጎተራ ውስጥ ሠርቼ ጡረታ ስወጣ፣ ቅዳሜና እሁድን ከተራሮቹ ግርጌ ባለው የሣር ሜዳችን ላይ ማሳለፍ ጀመርኩ። ሥራዬ ሞተር ለሌላቸው አውሮፕላኖች ገመድ ማያያዝ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ሞተር ያላት ጎታች አውሮፕላን ከፊት ትቆማለች፤ ከጭራዋ ስልሳ ሜትር ገመድ ይዘረጋል፤ የገመዱን ሌላ ጫፍ እኔ ሞተር አልባው ላይ አያይዛለሁ። ጎታቿ እየሳበች ሰማይ ታደርሰዋለች። ከዚያ እሱ ገመዱን ለቆ በነፋስ ብቻ ይንሳፈፋል፣ እሷ ሌላውን ልትወስድ ተመልሳ ታርፋለች።

የጎታቿ አብራሪ ልጄ ሶልቬይ ናት። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። በአዘቦት ቀን የገበሬ ማሳ ላይ መድኃኒት ትረጫለች፣ ቅዳሜ እኛን ትጎትታለች። ያለችኝ ልጅ እሷ ብቻ ናት።

የመንጠቆውን ነገር ደግሞ ቀስ ብዬ ላስረዳችሁ፤ ታሪኩ ሁሉ እሱ ነውና። አንዳንዱ ሞተር አልባ መንጠቆው አፍንጫው ላይ ነው፣ አንዳንዱ ሆዱ ሥር ነው፣ አንዳንዱ ሁለቱም አለው። የሆዱ መንጠቆ የተሠራው ሜዳው ዳር በተተከለ ሞተር ገመድ እየተጠቀለለ ለሚነሡት ነው፤ እነሱ አፍንጫቸውን ሰቅለው ሽቅብ መውጣት አለባቸው። በአውሮፕላን ሲጎተቱ ግን ሌላ ነው። አፍንጫውን ይዛችሁ የምትጎትቱት ዝም ብሎ ይከተላችኋል። ሆዱን ይዛችሁ የምትጎትቱት ትንሽ ቀና ካለ፣ ገመዱ ራሱ ይብስ ቀና ያደርገዋል። ቀና ሲል ከጎታቿ በላይ ይወጣል፤ ከላይ ሆኖ ጭራዋን ወደ ሰማይ ይስባል። ጭራዋ ሽቅብ የተሳበ አውሮፕላን አፍንጫዋ ወዴት እንደሚዞር መቼም አይጠፋችሁም። በሁለት ሦስት ሰኮንድ ያለቀለት ነገር ነው።

ሜዳችን ላይ ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት በዚህ መንገድ ሌን የሚባል ጎታች አብራሪያችንን አጥተናል። ከቀብሩ በኋላ ሕግ አወጣን። ገመድ የያዘ ሰው፣ የአብራሪው የመስተዋት ክዳን ከመዘጋቱ በፊት፣ ጮክ ብሎ «አፍንጫ ወይስ ሆድ?» ብሎ ይጠይቃል። «አፍንጫ» ከተባለ ያያይዛል። «ሆድ» ከተባለ ገመዱን መሬት ላይ ጥሎ ወደ ጎታቿ ይሄድና ለአብራሪዋ ይነግራል፤ እሺ ወይም እምቢ የምትል እሷ ናት። ጥያቄው የተፈጠረው «ሆድ» የሚል መልስ የመጣ ዕለት ሁሉም ነገር ቀጥ እንዲል ነው።

ግን የክለባችን አውሮፕላኖች በሙሉ አፍንጫቸው ላይ መንጠቆ አላቸው። ስንት ሺህ ጊዜ እንደጠየቅሁ እንጃ፣ ሁልጊዜ «አፍንጫ» ነው የምባለው። ጥያቄው ውሎ አድሮ ዜማ ሆነብኝ። ሞተር አልባው ሲነሣ እንዳያዘነብል የክንፍ ጫፍ ይዞ የሚሮጠው ወዳጄ ዌንደል፣ የድሮ አሳማ አርቢ ነው፣ «አንተ ሽማግሌ፣ ሚስትህንም ራት ላይ እንዲሁ ነው የምትጠይቃት?» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ጥቅምት ውስጥ ነው። ሌሊቱን ቺኑክ የምንለው ሞቃት ነፋስ ከተራሮቹ ወርዶ በረዶውን ሁሉ ልሶት አደረ። እንዲህ ያለ ነፋስ ሲነፍስ ከተራሮቹ ወዲህ የአየር ማዕበል ይነሣል፤ እሱን ያገኘ ሞተር አልባ ክንፉን ሳያንቀጠቅጥ ሠላሳ ሺህ ጫማ ይወጣል። በዓመት አራት አምስት ቀን ቢገኝ ነው። ስለዚህ በጠዋት ዘጠኝ አውሮፕላን ተሰልፏል፤ ሰው ሁሉ ወፍራም ጃኬቱን ለብሶ፣ የኦክስጂን ቱቦውን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ፣ ይቁነጠነጣል።

ከተሰለፉት አንዱ እንግዳ ነበር። ኮርማክ ይባላል፤ የጥርስ ሐኪም ነው፣ ከምሥራቅ፣ ከሜዳማው አገር፣ አውሮፕላኑን በመኪና እየጎተተ ቀኑን ሙሉ ነድቶ የመጣ። የነሱ ክለብ በመሬት ሞተር ብቻ ነው የሚነሣው። ሶልቬይ ጠዋት አነጋግራው ነበር።

«በአውሮፕላን ተጎትተህ ታውቃለህ?»

«አሥራ አንድ ጊዜ።»

«በመሬቱ ሞተርስ?»

«ከአራት መቶ በላይ።»

«የአፍንጫ መንጠቆ አለህ?»

«አለኝ።»

ውሸት አልተናገረም፤ አለው። እሷም በቃ ብላ ሄደች።

ተራው ሲደርስ ገመዱን ይዤ ጠጋ አልኩ። ነፋሱ ጆሮ ያደነቁራል። ዌንደል ክንፉ ጫፍ ላይ ቆሟል፣ ሩቅ ነው። ከኋላ ሦስተኛ የተሰለፈችው ፕሩደንስ፣ ጡረታ የወጣች የአውሮፕላን ጠጋኝ፣ አፏ የማያርፍ ሴት፣ ከመቀመጫዋ ሆና ትጮሃለች።

«ሃልቮር! ጸሎት ላይ ነህ እንዴ? ማዕበሉ እኮ አንተን አይጠብቅም!»

«አፍንጫ ወይስ ሆድ?» አልኩ።

«ሆድ» አለኝ ኮርማክ። «አፍንጫውን ነፋስ እንዳያስገባ በፕላስተር አሽጌዋለሁ። ደግሞ እኔ የለመድኩት ሆዱን ነው፤ እርስዎ አይጨነቁ።»

ሰማሁት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሰማሁት። ነገር ግን ጆሮዬ የሰማውን እጄ እንደ ትእዛዝ ወሰደው። ሣሩ ላይ በጀርባዬ ተንጋለልኩ፣ ከሆዱ ሥር ገባሁ፣ የገመዱን ቀለበት መንጠቆው አፍ ውስጥ ከተትኩ። ቀጭ አለ። እንደ ደንቡ ሁለት ጊዜ ጎተት አድርጌ ፈተሽኩት። ስህተቱን በጥንቃቄ ሠራሁት።

ተነሥቼ አውራ ጣቴን አሳየሁ። ዌንደል ክንፉን ቀና አደረገ፣ ሶልቬይ ገመዱን አጠበቀችው፣ ሞተሩ አጓራ፣ ሄዱ።

ዌንደል ጥቂት ሮጦ ክንፉን ለቀቀና እያለከለከ ተመለሰ።

«ምን ነበር እንዲህ የሚያወራልህ?»

«ማን?»

«ጥርስ ነቃዩ ነዋ። ድድህን አይቶ አዘነልህ?»

«ባክህ፣ የፕላስተር ነገር ነው። አፍንጫውን አሽጌዋለሁ፣ ሆዱን ለምጄዋለሁ ምናምን…»

አፌ እንደተከፈተ ቀረ። ዌንደል ሳቁን አቆመ።

«ሃልቮር። ገመዱን የት ላይ ነው ያያያዝከው?»

ሬዲዮው ያለበት መኪና አርባ እርምጃ ይርቃል። በሰባ አንድ ዓመቴ ሮጥኩ። ጉልበቴ ሁለት ጊዜ ከዳኝ፤ ሁለተኛው ላይ ዌንደል ክንዴን ይዞ አነሣኝ።

መኪናው ደጃፍ ስደርስ ሁለቱም ከሜዳው ጫፍ አልፈዋል። ሞተር አልባው አፍንጫውን ቀና ሲያደርግ፣ ሲመለስ፣ ደግሞ ቀና ሲያደርግ አየሁት። የሶልቬይ ድምፅ በሬዲዮ መጣ።

«ኮርማክ፣ ከፍ እያልክብኝ ነው። ቀስ ብለህ ውረድ።»

«ይቅርታ፣ ይቅርታ።» ድምፁ ቀጥኖ ነበር።

የመሬቱ ሞተር ልማድ ነው። አራት መቶ ጊዜ ከመሬት ሲነሣ መሪውን ወደ ራሱ ስቧል፤ እጁ ሌላ አያውቅም። እና አሁን ገመዱ ሆዱ ላይ ነው።

የሬዲዮውን መነጋገሪያ አነሣሁ። አነሣሁና አፌ ጋ ሳደርሰው ቆምኩ። እስቲ ከኔ ጋር አስቡት። አምስት መቶ ጫማ ላይ ናቸው። ከሥራቸው ወንዙና ገደሉ ነው፤ እዚያ ላይ ብትለቀው ማረፊያ የለውም። የምናገረውን ሁለቱም ይሰማሉ። «ሆዱ ላይ ነህ፣ ልትገድላት ነው» ብለው ይደነግጣል፤ የደነገጠ ሰው ደግሞ መሪውን ጨምድዶ ይስባል። ዝም ብል፣ ሶልቬይ እንደ ሁልጊዜዋ በቀጥታ ወደ ተራራው ትሄዳለች። በመሬትና በማዕበሉ መካከል አየሩ እንደ ወፍጮ የሚሽከረከርበት ቦታ አለ፤ ሁሉም በዚያ ያልፋል፣ ሁሉም ይናወጣል። አፍንጫው ከተያዘ መናወጥ ብቻ ነው። ሆዱ ከተያዘ ያቺ ሦስት ሰኮንድ ናት። ልጄ ግን አታውቅም። ቀኝ እጇ መሪው ላይ፣ ግራ እጇ የሞተር ማብዣው ላይ ነው። የገመዱ መልቀቂያ ከመቀመጫዋ አጠገብ ወደ ታች ነው ያለው፤ አጎንብሳ ነው የምታገኘው። የሌን እጅ ሳይደርስ ነው የቀረው።

«ተናገር እንጂ!» አለኝ ዌንደል።

እናቴ ከኖርዌይ ይዛው የመጣችው ቋንቋ አለ። እኔና ሶልቬይ ከሱ የቀረን የጓዳና የበረት ቃል ብቻ ነው፤ ወተት፣ ላም፣ በር ዝጊ፣ እጅሽን ታጠቢ። በዚያው ቋንቋ፣ በተቻለኝ መጠን ድምፄን አለስልሼ፣ እንዲህ አልኳት፦

«ሶልቬይ ልጄ። ገመዱ ሆዱ ላይ ነው። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። እጅሽን መልቀቂያው ላይ አድርጊ።»

ሬዲዮው እንደ ዝናብ ሿ ይላል። እስከ ሰባት ቆጠርኩ።

«ሰማሁ» አለች፣ በዚያው ቋንቋ። ሌላ ቃል የለም።

ወዲያው ቢጫዋ ጎታች ከተራራው ፊቷን መለሰች። ቀስ ብላ፣ ሙሉ ሳህን ሾርባ እንደተሸከመ ሰው፣ ወደ ደቡብ ዞረች፤ ስንዴ ወደታጨደበት ሰፊ ማሳ። ገባኝ። እዚያ የትም ቢወድቅ የሚያርፍበት ነው። ትንሽ ከፍታ ሰጥታው፣ አየሩ ጸጥ ሲል፣ ልቀቅ ልትለው ነው። በሁላችን ቋንቋ አናገረችው፣ የታመመ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው።

«ኮርማክ፣ ወደ ደቡብ እየዞርን ነው። አየሩ እዚያ ይሻላል።»

«ማዕበሉ ወዲያ አይደለም እንዴ?»

«እንደርስበታለን። አሁን አንተ ሌላ ነገር አትይ፣ እኔን ብቻ እይ። ጎበዝ። እንደዚያ።»

ስምንት መቶ። ዘጠኝ መቶ። ዌንደል አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ለጥፎ «ደህና ነው፣ ደህና ነው» ይላል፤ ለኔ ይሁን ለራሱ አላውቅም። ሺህ ሁለት መቶ ሲደርሱ ሶልቬይ እንዲህ አለች፦

«ኮርማክ፣ አሁን ልነግርህ ነው። እስክጨርስ መሪውን አትንካው። ስትሰማኝ…»

አልጨረሰችውም። ያ የሚሽከረከረው አየር ያን ቀን ከቦታው ወጥቶ እማሳው ድረስ ወርዶ ነበር። መጀመሪያ የሞተር አልባው አንዱ ክንፍ ወደ ታች አዘነበለ። ከዚያ አፍንጫው ተነሣ። አልተመለሰም። ነጩ አውሮፕላን ከልጄ በላይ ሽቅብ ሄደ፣ አንድ ሰው ከላይ ሆኖ በክር የሳበው ይመስል፣ የቢጫዋም ጭራ ተከተለው። አፍንጫዋ ወደ መሬት ተተከለ።

መነጋገሪያው እጄ ላይ ነበር። ሰኮንዶቹን ቆጠርኩ።

አንድ። ሞተር አልባው ገና ይወጣል። ሁለት። ክንፏን ሙሉውን ከላይ አየሁት፤ መሬት ላይ ቆመህ የሚበርን አውሮፕላን ጀርባ ማየት የለብህም። ሦስት። ነጩ በድንገት ወደ ላይ ዘለለ፣ ሸክም እንደወረደለት። ገመዱ ተለቋል ማለት ነው። እሷ ግን አሁንም ቁልቁል ነች። የማሳው ዳር ነፋስ እንዲመክት የተተከለ የዛፍ ረድፍ አለ፤ ከሱ በስተጀርባ ወረደችና ጠፋች።

«አይታየኝም» አለ ዌንደል። «ሃልቮር፣ አይታየኝም።»

ጭስ ጠበቅሁ። አባት ሆኖ የልጁን ጭስ መጠበቅ ምን እንደሆነ እግዜር ለማናችሁም አያሳያችሁ።

ድምፁ ቀድሞ መጣ። ሞተሩ ነበር፣ እስከ ጥጉ ተገፍቶ። ከዚያ ከዛፎቹ ጫፍ በላይ ቢጫ ክንፍ ብቅ አለ፣ ዘንበል ብሎ፣ ቀጥ ብሎ። ዌንደል አጉሊ መነጽሩን ጥሎ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ኮርማክ።» የሶልቬይ ድምፅ ነው። ትንፋሿ ይሰማል። «ገመዱ አንተ ዘንድ ነው ያለው። ማሳው ላይ ጣለው። መልቀቂያህን ሁለት ጊዜ ሳበው።»

«ምን ሆነ? ምን አደረግኩ?»

«በኋላ። አሁን ጣለው። ከዚያ ሜዳው ላይ ከፍ ብለህ ና፣ አትቸኩል።»

ደህና አረፈ። እሷም አረፈች፣ ነገር ግን ወደ ሰልፉ አልመጣችም፤ ሜዳው መካከል ሞተሯን አጠፋች። ስደርስ ከአውሮፕላኗ ወርዳ ጎማው አጠገብ ሣር ላይ ተቀምጣለች። ግራ እጇን ዘርግታ ታየዋለች። መዳፏ ላይ የእጀታው ቅርጽ ቀይ ሆኖ ታትሟል።

«መጀመሪያ ስስበው አልተንቀሳቀሰም» አለችኝ ቀና ሳትል። «ገመዱ ወደ ላይ ወጥሮት ነው። ሁለተኛውን በትከሻዬ ነው የሳብኩት። እጄ እዚያ ባይሆን ኖሮ፣ አባዬ፣ ሁለተኛ የሚባል የለም።»

ልነካት ፈልጌ አልደፈርኩም።

«ጠይቀኸው ነበር?»

«ጠይቄዋለሁ።»

«ምን አለህ?»

«ሆድ አለኝ።»

አየችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ግን እኮ አልተቆጣችም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳየችኝ ነው ያየችኝ።

ሰው ተሰበሰበ። ኮርማክ ከአውሮፕላኑ ወርዶ በእግሩ መጣ፣ ፊቱ አመድ መስሏል። «እኔ ነኝ፣ ሳላስበው ሳብኩት» ይላል፣ ደግሞ ይላል። ፕሩደንስ ጣቷን ደረቱ ላይ ቀሰረች።

«ማነው አንተን አብራሪ ያለህ? ቆይ፣ ይቺን ልጅ ልትገድላት ነበር እኮ! ጥርስህን ስትነቅል ብትውል አይሻልህም?»

«መባረር አለበት» አለ ሌላው። «ዛሬውኑ አውሮፕላኑን ጠቅልሎ ይሂድ።»

ኮርማክ አንገቱን ደፋ። የመንጠቆውን ነገር አላነሣም፤ የኛን ሕግ አያውቅም፣ ጥያቄው ምን እንደሚያስቆም ማንም አልነገረውም። በሬዲዮ ያልኩትን የገባው የለም። የሚያውቁት ዌንደልና ሶልቬይ ናቸው። ዌንደል ጫማውን ያያል፤ ወዳጄ ነው፣ እስኪሞት አይናገርም። ሶልቬይ ሣሩ ላይ እንደተቀመጠች እኔን ታያለች። ትጠብቃለች።

ዝም ማለት እንዴት እንደሚቀል አልደብቃችሁም። ሌላ ሰው እየተወቀሰልህ ዝም ማለት እንደ ሞቀ አልጋ ነው።

«ተዉት» አልኩ። «ተዉት ሰውዬውን። ሆድ ብሎ ነግሮኛል። ገመዱን መጣል ነበረብኝ። ለሶልቬይ መንገር ነበረብኝ። ሰምቼው አያያዝኩት።»

ፕሩደንስ ጣቷን ቀስ ብላ አወረደች። የምጠብቀው ስድብ ነበር፣ ስድብም አልመጣም፤ ነፋሱ ብቻ ነው የጮኸው። ከነዚህ ሰዎች አራቱ ከኔ ጋር የሌንን ሬሳ ሣጥን ተሸክመዋል።

ኮርማክ «እኔም እኮ ፕላስተሩን ማንሣት ነበረብኝ» አለ በዝግታ።

«ነበረብህ» አለችው ሶልቬይ። ተነሣች፤ ልብሷን አራገፈች። «አባዬ፣ ዛሬ ገመድ አትይዝም።»

«እሺ።»

«ነገም።»

«እሺ ልጄ።»

«መቼ እንደምትይዝ እኔ ነኝ የምነግርህ። ላልነግርህም እችላለሁ።»

«ትችያለሽ።»

ፕሩደንስ የጎታቿን ጭራ ክዳን ፈትታ፣ ባትሪ አብርታ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ መረመረችው፤ እያንዳንዱን ብሎን በጣቷ ዳሰሰች። ስትጨርስ እጇን በሱሪዋ ጠርጋ «አውሮፕላንሽ ካንቺ ትጠነክራለች» አለቻት ሶልቬይን። «ዛሬ ግን ማንም አያስገድድሽም።»

«አሁን ካልወጣሁ ነገ አልወጣም» አለች ሶልቬይ። ገመዱን ዌንደል ያዘ።

ወደ መኪናው ልሄድ ስል ጠራችኝ። ግማሽ አካሏ አውሮፕላኗ ውስጥ ገብቷል።

«የት ነው የምትሄደው?»

«መኪና ውስጥ ልቀመጥ ነዋ።»

«አይሆንም። እዚያ ቁም።» ያ ቀይ ምልክት ባለበት እጇ የአጥሩን ጥግ ጠቆመችኝ። «ስወጣም ስወርድም የማይህ ቦታ። ቁም።»

ቆምኩ። አምስት አውሮፕላን አወጣች። ነፋሱ ዓይኔን ያስነባል፣ ጉልበቴ አብጦ ሱሪዬን ወጥሮታል። ከሦስተኛው በኋላ ዌንደል ከመኪናው ታጣፊ ወንበር አውጥቶ እየተንገዳገደ መጣ።

«ቁጭ በል አንተ ሽማግሌ። ቁጭ ብለህም ትታያለህ።»

«አይ» አልኩት።

ወንበሩን አጠገቤ ትቶት ወደ ገመዱ ተመለሰ። ሶልቬይ አራተኛውን ይዛ በላያችን አለፈች።

አልተቀመጥኩም።